ኤ ማይነር ከደባርቅ እስከ ዳባት

ደባርቅ ላይ በምሽት ጊታር ለሚማር ሰው የመጀመሪያው ጠላት ሙዚቃው አይደለም፤ ብርዱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ፀሐይ ከገባች በኋላ ጣት አልታዘዝ ይላል። ክሩን ሲጫኑት ብረት ሳይሆን በረዶ የነኩ ይመስላል። እኔም በጋቢ ተጠቅልዬ፣ በየአምስት ደቂቃው እጄን ትኩስ ሻይ በያዘ ብርጭቆ እያሞቅኩ፣ ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ኮርድ ስማር ከረምኩ። ኮርዷ ኤ ማይነር ትባላለች።

አርባን የተሻገረ፣ የመሥሪያ ቤት ወንበር ወገቡን ያጎበጠው ሰው በዚህ ዕድሜው ጊታር ምን አስጨነቀው የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። መሥሪያ ቤቱ ደባርቅ ሲመድበኝ እኔም አላሰብኩትም ነበር። ነገሩ የመጣው በአስተማሪዬ በኩል ነው። አስተማሪዬ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አስጎብኚ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ለብዙ ዓመታት ለደባርቅ ወጣት እንግሊዝኛ መቻል የእንጀራ ጉዳይ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ግን እንግዳው ቀረ፤ ከዚያም ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም። አስተማሪዬ ያኔ የቀረው ነገር ቢኖር አንድ እንግዳ ከተራራው ሲወርድ ትቶለት የሄደ ጊታር ነው። ደረቱ ላይ አንድ ስንጥቅ አለ፤ በሙጫ ተይዟል። "ጋሼ፣ ተራራ የሚወጣ ሰው ካጣሁ ኮርድ የሚወጣ ሰው ላስተምር" ብሎ ሲቀልድ ነው የተስማማነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዳባት ያለው አጎቴ ነው፤ የእናቴ ወንድም። ማሲንቆ ይመታል። አዝማሪነት ሙያው አይደለም፤ ገበሬ ነው፤ ግን ሠርግና ክርስትና ላይ ማሲንቆው ካልተሰማ ቤቱ የሞላ አይመስልም ነበር። "ነበር" የምለው በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ተክለሃይማኖት አካባቢ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ ስለሰቀለው ነው። ከቀበራቸው መካከል ለዘፈኑ ተቀባይ ሆኖ አብሮት የሚዞር ወዳጁ ነበረበት። ሠርጉ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ማሲንቆው ግን አልወረደም። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ክረምት ክረምት ከእሱ የምሰማት አንዲት ዜማ አለችኝ። ማንም የማይመታት ከሆነ እኔ በጊታርም ቢሆን ላውጣት የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ስፈራ ስቸር አንድ ቀን ላሰማው።

ወደ ገደለው ልግባ። የጊታር ስድስት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብለው ይቃኛሉ። አቆጣጠሩ ግን ከቀጭኑ ነው፤ አንደኛ የሚባለው ጊታሩን ሲያቅፉ ወደ መሬት የሚቀርበው ቀጭኑ ክር ነው። አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ብረቶች ፍሬት ይባላሉ። ለኤ ማይነር ሌባ ጣት ሁለተኛውን ክር አንደኛ ፍሬት ላይ ይጫናል። መሐል ጣት አራተኛውን ክር፣ የቀለበት ጣት ደግሞ ሦስተኛውን ክር ሁለቱም ሁለተኛ ፍሬት ላይ ይጫናሉ። አንደኛውና አምስተኛው ክር ሳይነኩ ይደውላሉ፤ ስድስተኛው አይመታም። አለቀ። በወረቀት ላይ ሲያዩት የአንድ ደቂቃ ሥራ ይመስላል።

እኔን ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። መጀመሪያ የሚወጣው ድምፅ ዜማ ሳይሆን የተዘጋ ቆርቆሮ ነው። አስተማሪዬ ያኔ የሰጠኝ ምክር እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ ይበልጥብኛል፦ ኮርዱን በሙሉ አትግረፍ፤ ጣቶችህን አስቀምጥና ክሮቹን አንድ በአንድ ጠይቃቸው። አምስተኛው ይናገራል? አራተኛው? የትኛው ክር እንደታፈነ ሲታወቅ ጥፋተኛው ጣት ይታወቃል። የእኔ ጥፋተኛ ሌባ ጣቴ ነበር። ተኝቶ አንደኛውን ክር ስለሚነካ ቀጭኑ ኢ ጨርሶ አይሰማም። መድኃኒቱ ጣቱን ከጫፉ ማቆም ነው። ጣት እንዲቆም ደግሞ አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ መሐል ላይ መቀመጥ አለበት። አውራ ጣት እንደ አካፋ እጀታ አንገቱን ሲጨብጥ ሌሎቹ ጣቶች ይተኛሉ። ሌላው ምሥጢር ጣቱን ብረቱ ላይ ሳይሆን ከብረቱ በስተኋላ ጠጋ አድርጎ መጫን ነው። ሩቅ ከሆነ ክሩ ይንጫጫል፤ ተጨማሪ ጉልበት ይበላል።

ጉልበት ካልኩ አይቀር፣ የጣት ጫፍ ሕመሙን መደበቅ አይገባም። መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ከዚያ ይደድራል። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ሳያቋርጡ መለማመድ እሑድ ብቻ ሁለት ሰዓት ከመታገል ይሻላል፤ ቆዳው የሚጠነክረው በእረፍቱ ጊዜ ነው። የደባርቅ አየር ደግሞ ለጊታሩም አይራራም። ቀን ፀሐይ ሲመታው ክሩ ይረግብና ድምፁ ይወርዳል፤ ማታ ሲበርድ ይጠብቅና ይወጣል። ስለዚህ ከቤት ውጭ ቃኝቶ ወደ ቤት ይዞ መግባት ከንቱ ድካም ነው። ጊታሩ ክፍሉን እስኪለምድ ጠብቆ መቃኘት ይሻላል።

እንግዲህ "ማይነር" ማለት ምን ማለት ነው? ኮርድ ሲባል ቢያንስ ሦስት ድምፆች አብረው ሲሰሙ ነው። በኤ ማይነር ውስጥ ያሉት ኤ፣ ሲ እና ኢ ናቸው። አምስተኛው ክር ኤን በሴኮንድ 110 ጊዜ ይነዝራል። የቀለበት ጣት የያዘው ሦስተኛ ክር ያንኑ ኤ በእጥፍ፣ በ220 ያሰማል። በሌባ ጣት ሥር ያለው ሲ 261.6 ነው። አሁን ሌባ ጣትን አንድ ፍሬት ወደ ፊት፣ ማለትም ሁለተኛ ፍሬት ላይ እንውሰደው። ንዝረቱ 277.2 ይሆናል፤ ኮርዱም ኤ ሜጀር ይባላል። ከአምስቱ ክሮች አራቱ ያው ናቸው። የተለወጠው አንድ ጣት፣ አንድ ፍሬት፣ በሴኮንድ አሥራ አምስት ተኩል ያህል ንዝረት ነው። ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው መብራት የደበዘዘ ይመስላል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ጣቴን ሃያ ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ሳመላልስ አመሸሁ፤ ጎረቤቴ ግድግዳ እስኪያንኳኳ።

እዚህ ላይ የተለመደ አባባል አለ፦ ሜጀር ደስታ፣ ማይነር ሐዘን። ብዙ የጊታር መማሪያም እንዲሁ ብሎ ያልፋል። እኔ አልተቀበልኩትም። ምክንያቴን በእኛው ቅኝት ላሳይ። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ የሚሉትን አምስት ድምፆች ይዛችሁ ሲን መነሻና ማረፊያ ካደረጋችሁ የትዝታ ሜጀር ቅኝት አገኛችሁ። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ሳትነኩ ማረፊያውን ወደ ኤ ብታዛውሩት ደግሞ ባቲ ማይነር ይሆናል፤ ከሥሩም ኤ ማይነር ኮርድ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ሜጀር የተባለው ትዝታ ስንቱን ያስለቅሳል! ማይነር በተባለው ባቲ ደግሞ ስንት ትከሻ ይወርዳል! ስለዚህ ሐዘኑ በድምፁ ውስጥ ተቀብሮ ያለ ሳይሆን ዜማው ከሚሄድበት መንገድ፣ ከግጥሙና ከሰሚው ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው ባይ ነኝ።

"ቅኝት" የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። በአማርኛ ቅኝት ማለት የመሣሪያው መቃኘትም ነው፣ የዜማው የድምፅ ሥርዓትም ነው። ክራር ላይ ሁለቱ አንድ ናቸውና። ባለስድስት ክር ክራር በትዝታ ሜጀር ከተቃኘ እጅ ቢሳሳት እንኳ ከትዝታ ውጪ የሆነ ድምፅ አያወጣም፤ ስድስተኛው ክር የመጀመሪያው እጥፍ ነውና ያሉት አምስት ድምፆች ብቻ ናቸው። ወደ ትዝታ ማይነር መሄድ የፈለገ ደርዳሪ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ የያዙትን ሁለት ክሮች በግማሽ ድምፅ ላላ ያደርጋቸዋል። በጊታር ሌባ ጣት የሚሠራውን ሥራ ክራር በመቃኛው ይሠራዋል ማለት ነው። ጊታር ግን አንዴ ተቃኝቶ አሥራ ሁለቱንም ድምፆች ይዞ ይቀመጣል። ይህ ነፃነት ነው፤ ወጥመድም ነው። ወጥመዱን ያየሁት ዳባት ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን ወጥመድ ከእኛ በፊት ያለፉት ጥቂት አይደሉም። ሙላቱ አስታጥቄ በኢትዮ ጃዝ አምስቱን ድምፅ ከአሥራ ሁለቱ ጋር ለማስማማት ዕድሜውን ሰጥቷል። የአይቤክስ ባንድ ጊታሪስት የነበረው ሰላም ስዩም ከማሕሙድ አሕመድ ጀርባ ሆኖ የተጫወተውን የሰማ ሰው ጊታሩ ኮርድ ከመደርደር ይልቅ እንደ ክራር ዜማውን ሲከተል ያስተውላል። ዋልያስ ባንድ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከሰሜን ተራሮች በቀር የትም ከማይገኘው ዋልያ ነው፤ አይቤክስም ያው የዋልያ ዘመዶች የፈረንጅ ስም ነው። ደባርቅ ተቀምጬ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ቅዱስ ያሬድም ቢሆን በትውፊት ዕድሜውን የጨረሰው በእነዚሁ ተራሮች መንኖ ነው ይባላል፤ ከከፍታዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ አባ ያሬድ ተብሎ ይጠራል። የዜማ ነገር ለአካባቢው እንግዳ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ጊታሩን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ በአባዱላ ዳባት ወረድኩ። አስተማሪዬ ያስተማረኝ ሦስት ኮርድ ነበር፦ ኤ ማይነር፣ ዲ ማይነርና ኢ ሜጀር። ይህ ሦስትዮሽ በዓለም ላይ ጊታር የጀመረ ሁሉ የሚማረው ነው። በተለይ ኢ ሜጀር ለጀማሪ ይጥማል፤ የኤ ማይነርን የጣት አቀማመጥ እንዳለ ወደ ወፍራሞቹ ክሮች አንድ ክር ማሻገር ብቻ ነውና። አጎቴ ቡና እስኪፈላ በዝምታ ሰማኝ። ዜማዋን አውቋታል፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ስጨርስ ግን እንዲህ አለኝ፦

"ልጄ፣ መሐሉ ላይ የማላውቀው ሰው ገብቷል።"

"የቱ ጋ ጋሼ?"

"ስትመለስ። ወደ ቤትህ ልትገባ ስትል በር ላይ ቆሟል። ሌላም አንድ አለ፤ እሱስ ዝምተኛ ነው።"

ቅር አለኝ። ሦስት ወር በብርድ የተላጡትን ጣቶቼን አየኋቸው። ደባርቅ ተመልሼ ድምፆቹን ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ስጽፋቸው ግን ሽማግሌው የተናገረው ምሳሌ ሳይሆን ልኩን ነበር። ዜማዋ በትዝታ ማይነር ናት። መነሻዋ ኤ ከሆነ ድምፆቿ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤፍ ብቻ ናቸው። ኢ ሜጀር ደግሞ ኢ፣ ጂ ሻርፕና ቢ ነው። ጂ ሻርፕ ከኤ በግማሽ ድምፅ ብቻ ዝቅ ብሎ ወደ ኤ የሚገፋ ድምፅ ነው፤ የአውሮፓ ሙዚቃ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በእሱ በኩል ነው። በር ላይ የቆመው እንግዳ ይህ ነው። ዝምተኛው ደግሞ በዲ ማይነር ውስጥ ያለው ዲ ነው፤ እሱም ከአምስቱ ውስጥ የለም። አጎቴ የኮርድ ስም አንድም አያውቅም። ሁለቱን ግን አንዴ ሰምቶ ከነጠባያቸው ለየልኝ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከአስተማሪዬ ጋር አንድ ምሽት ተቀምጠን ፈለግን። ኤ ማይነር ንጹሕ ነው፤ ኤ፣ ሲ፣ ኢ ሦስቱም የቤት ልጆች ናቸው። ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ የሚሉት የኤፍ ሜጀር ድምፆችም እንዲሁ። ሙሉው ኤፍ በአንድ ጣት ሁሉንም ክር ስለሚጠይቅ ጀማሪን ያማርራል፤ ግን ኢን ጨምሮ የሚጫወቱት ኤፍ ሜጀር ሰባት የሚባለው ቀላል ነው። ከኤ ማይነር ላይ ሌባ ጣት አይነቃነቅም። መሐል ጣት ከአራተኛው ወደ ሦስተኛው ክር በዚያው ሁለተኛ ፍሬት ላይ ይወርዳል፤ የቀለበት ጣት ደግሞ አራተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ይሄዳል። ስድስተኛውና አምስተኛው ክር አይመቱም። የሚሰማው ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ ነው፤ አንድም እንግዳ የለበትም። በዲ ማይነር ቦታ ይህን አስገባነው።

አስቸጋሪው ኢ ነበር። ሌባ ጣትን ከሦስተኛው ክር ላይ በማንሳት ጂ ሻርፕን ማባረር ይቻላል። ነገር ግን ክሩ ባዶውን ሲቀር ጂ ይደውላል፤ ጂም ከአምስቱ ውስጥ የለም፤ አንዱን እንግዳ አስወጥቶ ሌላውን ማስገባት ይሆናል። መፍትሔው ክሩን ማፈን ነው። መሐል ጣት አምስተኛውን፣ የቀለበት ጣት አራተኛውን ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ይጫናሉ፤ የቀለበት ጣት ትንሽ ጋደም ይልና በሥጋው ሦስተኛውን ክር ነክቶ ዝም ያሰኘዋል። የቀሩት ኢ እና ቢ ብቻ ናቸው። ሜጀርም ማይነርም ያልሆነ፣ ባዶ በር። መጀመሪያ ሌባ ጣቴ ተኝቶ ክር ሲያፍን ስወቀስ የነበርኩ ሰው አሁን አውቄ እንዳፍን ተነገረኝ። አስተማሪዬ ሳቀና "ክራር የሚገርፍ ሰው እኮ የሚያደርገው ይህንኑ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ይመታል፣ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለጉትን ይዘው የሚፈለጉትን ይለቃሉ።

ሁለተኛ ስሄድ አጎቴ እስከ መጨረሻ ሰማና "ሰዎቹ ወጥተዋል" አለ። ትንሽ ቆይቶ "ግን ቤቱ ከፍ ብሏል" ብሎ ጨመረ። ይሄኛው አልገባኝም ነበር። ተነሣና ማሲንቆውን ከግድግዳው አወረደ። ማስረዳት ፈልጎ እንጂ መጫወት አስቦ አይመስለኝም። የፈረስ ጭራው ረግቧል፤ ደጋኑ ደርቋል። ሙጫ አሸው፣ መቃኛውን ጠምዘዝ አደረገ፣ በጉሮሮው አንድ ድምፅ እየፈለገ ቃኘው። ያ ድምፅ በስልኬ መቃኛ ስለካው ከኤ በታች፣ ከጂ ሻርፕ ትንሽ በላይ ነበር። እሱ መሣሪያውን የሚቃኘው በጉሮሮው ልክ ነው፤ በ440 አይደለም። ስለዚህ ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ስድስቱንም ክሮች አንድ በአንድ ወደ እሱ አወረድኳቸው። ይህን ማንኛውም ጊታር የያዘ ሰው ከማሲንቆ ጋር ሲቀመጥ ማድረግ ያለበት ይመስለኛል፤ ሽማግሌን ጉሮሮህን ከፍ አድርግ ከማለት ክር ማርገብ ይቀላል።

ከዚያ ኤ ማይነርን ያዝኩ። አጎቴ ዜማዋን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ግጥም፣ ከዳር እስከ ዳር መታት። ሲጨርስ የተቀባዩ ቦታ በነበረው መደብ ላይ ማሲንቆውን አስቀመጠውና ቡናው እንዳይቀዘቅዝ አዘዘ። ግድግዳው ላይ መልሶ ሲሰቅለው አላየሁም፤ የመጨረሻው አባዱላ እንዳያመልጠኝ ቀድሜ ወጣሁ።

አሁን የቀረኝ የቀለበት ጣቴ ነው። ሦስተኛውን ክር ማፈን ያለበት ከአሥር ሁለቱን ጊዜ ይረሳል፤ አጎቴም ከእኔ ቀድሞ ይሰማዋል። ባለፈው ቅዳሜ ደጋኑን ሳያቆም በቅንድቡ ብቻ ወደ በሩ አመለከተኝ።